«ማይኩ ተበላሽቶ ነው»

ይገዙ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወንዙ ዳር ባለ አንድ የግብዣ አዳራሽ ሱፐርቫይዘር ነው። ሚስቱ እንግዳወርቅም እዚያው ኪችን ትሠራለች። ከሀያትስቪል በአንድ መኪና መጥተው በአንድ መኪና ይመለሳሉ። ሠርጉን፣ የጡረታ መሸኛውን፣ የኩባንያ ምሳውን፣ ሁሉን አስተናግደዋል። የዚያ የፌብሩዋሪ ቅዳሜ ድግስ ግን ለሁለቱም አዲስ ነበር። ከኒውዚላንድ ጋር የሚነግዱ ሰዎች ክበብ የዚያችን አገር ብሔራዊ በዓል ሊያከብር አዳራሹን ተከራይቷል።

ዋዜማውን አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት አዳራሹን ሊያዩ መጡ። ማራማ ይባላሉ። ማኦሪ ናቸው፣ እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ ኒውዚላንድ የኖረው ሕዝብ ልጅ። ልጃቸው እዚሁ አሌክሳንድሪያ ስላገባች ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ክበቡ ምሳውን በምርቃት እንዲከፍቱለት ጋብዟቸዋል።

«አገሬ ሳለሁ ማይክ አላውቅም ነበር» አሉት። «ድምፄ ራሱ ይበቃኝ ነበር። አሁን ትንፋሼ አጠረ።»

«እማማ፣ እሱን ለእኔ ይተዉት» አለ ይገዙ። ማቆሚያውን በቁመታቸው ልክ ዝቅ አድርጎ አስሞከራቸው።

«እማማ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁት። ሲነግራቸው ደስ ብሏቸው ሳቁ።

«በዓሉ እንደዚህ አገር የነፃነት ቀን፣ እንደ ጁላይ ፎር ነው እንዴ?» አለ ይገዙ።

«ለአንዳንዱ አዎ። ለእኛ ግን ልቅሶም ሙግትም ያለበት ቀን ነው። ነገ ትሰማኛለህ» አሉት።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ማራማ ተነሥተው በቋንቋቸው መጀመሪያ ሙታንን፣ ቀጥሎ ሕያዋንን ሰላም አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተሻገሩ።

«በዚህ በዓል የምናስበው አያቶቻችን ከእንግሊዝ ንግሥት ጋር የተዋዋሉበትን ቀን ነው። አብዛኞቹ አለቆቻችን የፈረሙት በእኛ ቋንቋ የተጻፈውን ነው። እሱ መሬታችሁ፣ መንደራችሁ፣ የምትሳሱለት ሁሉ በእናንተው አለቅነት ሥር ይቆያል ይላል። እንግሊዝኛው ግን ሉዓላዊነታችሁን ሙሉ በሙሉ አስረክባችኋል ይላል። እናንተ ዛሬ እንኳን አደረሳችሁ ስትባባሉ፣ እኔ እነዚያ ሰዎች ብዕሩን ሲያነሡ ምን ተብሎ እንደተነገራቸው...»

የክበቡ ሊቀ መንበር ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ይገዙ መጣ። «ይኼ ምርቃት አይደለም» አለው በጆሮው። «ካት አድርገው።»

ይገዙ ብዙ ማለት ይችል ነበር። ትንሽ ይጨርሱ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ማለት ይችል ነበር። ማኔጀሬን ልጠይቅ ብሎ ጊዜ መግዛት ይችል ነበር። አንዱንም አላለም። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ የማይኩን ማጥፊያ ቁልፍ ተጫነው።

የማራማ ድምፅ ድንገት ቀጠነ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከፊት ካለው ጠረጴዛ በስተቀር ግን የሚሰማ የለም። ከኋላ ሹካ መንኳኳት ጀመረ። ይገዙ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ።

«ይቅርታ እማማ፣ ማይኩ ተበላሽቶ ነው።»

ይኼን እንዲል ያዘዘው ማንም አልነበረም።

ማራማ የእጁን ጀርባ መታ መታ አደረጉት። «አይዞህ ልጄ። የማሽን ነገር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ። ስለደገፍከኝ አመሰግናለሁ።»

ወንበራቸው ላይ አስቀምጧቸው ሄዶ ሙዚቃውን ከፈተ።

ምሳው አልቆ ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናውን ይገዙ ነዳ። ድልድዩን አልፈው ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ሲሄዱ እንግዳወርቅ ዞር ብላ አየችው።

«ማይኩ ምን ሆኖ ነው?»

«ታዝዤ ነው ያጠፋሁት። ሁለታችንም እንጀራ የምንበላው እዚያ ነው፣ እንግዳዬ።»

«እሱስ ይሁን። እማማ ሲወጡ ኮታቸውን ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። ያ ደግ ልጅ ስለ ማይኩ እንዳያዝን ንገሪው አሉኝ። ከኪችን በር ሆኜ ስትጫነው እያየሁህ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ይገዙ የቀኙን ረድፍ ያዘ።

«ትልቅ ሰው ሲናገር ከአፉ አይነጠቅም። ነጥቀህ ደግሞ ዋሸሃቸው» አለች።

እሑድ ቅዳሴ ቆሞ እንኳን «አይዞህ ልጄ» የሚለው ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ማጽናናት እንዲህ እንደሚያቃጥል አያውቅም ነበር። ሰኞ ሥራ የላቸውም። የማራማን ስልክ ቁጥር ክበቡ ከሞላው የአዳራሽ ማስያዣ ቅጽ ላይ አግኝቶ ደወለና ከእንግዳወርቅ ጋር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ማራማ በሳቅ ተቀበሏቸው። ይገዙ ግን አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ነገራቸው። ማን እንዳዘዘው፣ እሱ እንዳጠፋው፣ ተበላሽቷል ያለውም ከራሱ አውጥቶ እንደሆነ ተናገረ።

ሳቃቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

«ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት» አሉ። «ማሽን ከዳኝ ብዬ አብረን ሳቅን። ሰዎቹ ግን ሊሰሙኝ ፈልገው ነበር አልኳት።» ቀጥለውም «አመስግኜህ ነበር እኮ» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«የምለው አልገባህ ይሆናል። ስለ ውሉ የምናገረው።»

ይገዙ አዎ አልገባኝም ብሎ መውጣት አማረው። ሁለተኛ መዋሸት ግን አልቻለም። «ገብቶኛል» አለ። «የእኛም ንጉሥ ከጣሊያን ጋር በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ነበራቸው። የእኛው አንድ ነገር ሲል የእነሱ ሌላ ይል ነበር። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።»

ማራማ ምርኩዛቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ባታውቅ ልምርህ ነበር» አሉ። «አንተ ግን እያወቅክ ነው።»

እንግዳወርቅ አንገቷን ደፋች። ይገዙ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ማራማ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሽኝት መሆኑ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እንዲህ አሉት፦

«ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ የእኛ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ንግግሬን እዚያ እጨርሳለሁ። ና።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሠርግ ነበረበት። እሱም ሚስቱም ፈረቃቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ሄዱ።

ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሽማግሌም ሕፃንም አለበት። ይገዙና እንግዳወርቅ ከኋላ ተቀመጡ። ማራማ መሀል ቆመው እንደገና ከሙታን ጀመሩ። ስለ ቅድመ አያታቸው ሲናገሩ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግድግዳውን ሞላው።

«መጻፍ አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ የተነቀሰውን ጌጥ ነው ወረቀቱ ላይ የሣለላቸው። ፊቱን ነው የሰጣቸው። ከዚያ እጃቸውን ጨብጦ፣ አመስግኖ ወደ ቤቱ ሄደ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔም በቀደም አመሰገንኩ። አንድ ሰው ድምፄን አጥፍቶ ማሽኑ ነው አለኝ፣ አመንኩት። የቅድመ አያቴ አዋዋዮች እስካሁን መጥተው አልነገሩንም። ይኼ ሰው ግን በእግሩ መጥቶ ነገረኝ። ያውና ተቀምጧል።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ይገዙ ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ።

አንዲት ትንሽ ልጅ «ለምን?» ብላ እናቷን ጠየቀች። እናትየው ዞር ብላ ይገዙን አየችው። መልሱ የእሱ እንደሆነ ገባው።

«ፈርቼ ልል ነበር» አለ። «ግን ለመፍራትም ጊዜ አልነበረኝም። ለመታዘዝ ቸኩዬ ነው።»

ማንም አልተቆጣውም። ማራማ ሲጨርሱ ሰዎቹ ተነሥተው አብረው ዘመሩ፤ ከዚያም ተሰልፈው ግንባርና አፍንጫ እያነካኩ ሰላምታ ተለዋወጡ። ይገዙ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። እንግዳወርቅ ወገቡን ገፋ አድርጋ ወደ ሰልፉ አስገባችው።

ተራው ደርሶ ጎንበስ ሲል ማራማ እጃቸውን ዘረጉለት።

«ለዛሬ እጅ ይበቃል» አሉት።

በሁለት እጁ ተቀብሎ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣ። ቀና ሲል ከኋላው ያለችውን እንግዳወርቅን አቅፈው አፍንጫቸውን ከአፍንጫዋ ጋር ሲያነካኩ አየ።

ውጭ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ፀሐይ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ለሚስቱ ሰጥቶ በተሳፋሪው በኩል ገባ። ሥራ ሲገባ ለማኔጀሩ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሁለተኛ እንደማይቀበል ሊነግረው ወስኗል። ሀያትስቪል እስኪደርሱ ግን የሚለውን ቃል በልቡ እየደጋገመ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ከአፉ ይወጣ እንደሆነ ራሱን አላመነውም።