ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተሠራ ሙዚቃ

ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ ነገሩን ቀዝቀዝ ብዬ እንድነግራችሁ አትጠብቁ።

በ1961 ዓ.ም. ዳንግላ ሳይንስ አስተምር ነበር። የተከራየኋት ክፍል ከአቶ ውብአየሁ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነበረች። የወፍጮው ሞተር ጠዋት ከተነሣ ግድግዳዬን ሲደበድብ ይውላል። በዚያች ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሞቱ ራዲዮኖች ሆድ ባወጣሁት ዕቃ ድምፅ የሚያመነጭ መሣሪያ ስሠራ ኖርሁ። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ዘፋኝ የለ፤ ከኤሌክትሪክ ብቻ የሚወጣ ሙዚቃ። እንዲህ ያለውን አንድ ቀን ከባሕር ማዶ በራዲዮ ሰምቼ ነው የለከፈኝ። መሣሪያዬ የሚያወጣውን ምት በትምህርት ቤቱ ቴፕ ቀዳሁና የቴፑን ክር በምላጭ እየቆረጥሁ፣ መልሼ እየለጠፍሁ፣ እንደ ልቤ አደረግሁት። ሰው ፊት ስጫወት ቴፑ ምቱን ይጥላል፤ እኔ ቁልፎቹን እያዞርሁ ፉጨቱንና ጉርምርምታውን እዚያው እጨምርበታለሁ።

ዳይሬክተራችን አቶ አድማሴ ግን ቴፑን የሚፈልጉት ለንግግራቸው ነበር። ለምኜ ለምኜ ሲሰለቻቸው፣ «አንድ ቅዳሜ ልስጥህ» አሉኝ። «ሰው መጥቶ እስከ መጨረሻው ከሰማህ ቴፑ አንተ ጋ ይቆይ። ካልሆነ ትመልሳለህ።»

በዚያ ግንቦት ወፍጮው ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሴቱ ሁሉ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመልሶ እጁ ተላልጧል። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እፎይ ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዬን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አወጣሁ፤ ድምፅ ማጉያውን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅዬ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁት። የመጡት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ዘበኛውን ጨምሮ። ቆሜ፣ «ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ የሰማ ጆሮ የለም» ብዬ አወጅሁና ቴፑን ከፈትሁ።

ምቱ ተነሣ። ፉጨቱን ቀስ አድርጌ አስገባሁበት። የሒሳብ አስተማሪው ጎንበስ ብሎ፣ «ጣቢያውን አስተካክለው እንጂ» አለኝ። አንጀቴ አረረ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቆየን በበሩ አንዲት ሴት ገባች። ከኋላዋ አምስት፣ ከዚያ ሃያ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ድምፁን ጨመርሁት፤ ጊዜ ሳይወስድ ሜዳው ግማሽ ሞላ። አንዳንዶቹማ ይሮጣሉ! ሁሉም እህል አዝለዋል፤ ከገበያ ሙዚቃዬን ሰምተው የመጡ መሰለኝ። አቶ አድማሴ ቀና ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ቁልፎቹን እንደዚያ ቀን አዙሬያቸው አላውቅም።

ነገር ግን የሚቀመጥ ሰው የለም። ስልቻቸውን እያወረዱ ከጠረጴዛዬ ፊት በተራ መደርደር ያዙ። አንዷ ተራዬን ወሰድሽ ብላ ሌላዋን ገፈተረች።

ከተራው ፊት የቆሙት እማማ እታለማሁ፣ ዳጉሳ አዝለው ከማዶው መንደር የመጡ አሮጊት፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ወፍጮውን ወዴት አዞራችሁት?»

«ወፍጮ የለም እማማ። ይህ ሙዚቃ ነው።»

«ምን?»

«ሙዚቃ!»

ወደ ኋላ ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። እሳቸው ጣታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀሰሩ። «የውብአየሁን ወፍጮ እኔ ላጣው ነው? ሦስት ይመታና አንድ ይስታል። ቤቴ ሆኜ ነው የምለየው። ይኸው! ሳተ።»

እውነትም ሳተ።

ደሜ ፈላ። «የራሴ ሥራ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «ወፍጮ ምን አገባው?»

«ታዲያ በእኛ ለማሾፍ ነው የጠራኸን?» አለች ከኋላ ያለችው፣ የተላላጠ መዳፏን እያሳየችኝ። ስልቻዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። ሜዳው ባዶ ሲቀር ቴፑ ገና ግማሹ ላይ ነበር።

አቶ አድማሴ ሽቦውን ራሳቸው ጠቀለሉት። «ሰውስ መጥቶ ነበር» አሉ። ሰኞ ዕለት፣ ሁለት ዓመት በምላጭ በለፋሁበት ክር ላይ ስለ ንጽሕና የሚሰጡትን ንግግር ቀዱበት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከባሕር ዳር መካኒክ መጥቶ ወፍጮውን አስነሣው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆጠርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንድም አይስትም፤ እንደ አዲስ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማንም ያልሰማው ድምፅ ብዬ የፎከርሁበት፣ በግድግዳው በኩል ሳላውቀው ጆሮዬ የገባ የሰው ሞተር ሕመም ነበር። በወፍጮው ተናደድሁ፤ በእማማ እታለማሁ ተናደድሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን በገዛ ጆሮዬ ተናደድሁ።

በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ። እማማ እታለማሁ ዳጉሳቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ያን ቀን አስቀየምሁህ መሰለኝ» አሉ። «አሁን ወፍጮው ተሠርቷል፤ የማዶ ሰው ግን ድምፁን አላወቀውም። ሌላ ነገር ነው እያለ ቤቱ ቀርቶ ድንጋይ ላይ እጁን ይልጣል። እስቲ ያንተን ልቀቀው፤ ሰምተው ይምጡ።»

ለሁለት ዓመት ሥራዬ፣ ድገመው ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ጠፍቷል እማማ» አልኋቸው። «ሌላ ነገር ተቀድቶበታል።»

«ይጥፋ። ራስህ የሠራኸው አይደል? እንደገና ሥራው።»

ጠረጴዛዬን በጣቴ መታሁ። ሦስት መታሁና አንዱን ዘለልሁ።

«አይደለም» አሉ።

ደግሜ መታሁ።

«አይደለም ልጄ፣ አሳሳቱ እንዲህ አልነበረም።»

አምስት ጊዜ ሞከርሁ። አምስቱንም እስከ መጨረሻው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጽሞና ሰሙኝ። ከዚያ ስልቻቸውን አስተካክለው ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።