የአክስቴ ፎጣና የእኔ ሽቦ

አክስቴ ፀጉር ቤት መስኮት ላይ የተሰቀለውን፣ መቀስ የሚመስለውን የኒዮን ማስታወቂያ መስታወት ያጣመመው ሌላ ሰው ነው። ሽቦው ግን የእኔ ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ የተጣለ ማስታወቂያ እየፈታሁ፣ አንዳንዱንም እያቃጠልኩ ተማርኩት። ስለዚህ ስለ ሽቦዬ ሲወራ ትንሽ ብንጠባረር አይፈረድብኝም።

ኒዮን እንደ ቤት አምፖል አይደለም። ትራንስፎርመሩ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ብዙ ሺህ ቮልት ያደርገዋል። ያ ጉልበት ብረት ሲያገኝ ይዘላል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይጋልባል። እኔም ትራንስፎርመሩን ታች ወለሉ አጠገብ አሰርኩ፣ የመሬት ሽቦውን አጠበቅኩ፣ ወፍራሞቹን ሽቦዎች ከግድግዳው አርቄ በመስታወት መቆሚያዎች ላይ ወጠርኳቸው። ጠላት እንኳ ቢያያቸው ያደንቃል።

«ጨረስሽ?» አለች አክስቴ።

«ፈትሼ አበራዋለሁ። እስከዚያ እንዳትነኪ።»

«ልጅ ነኝ እንዴ?»

ጓዳ ገብቼ ብሬከሩን አይቼ ስመለስ ሁለት እርጥብ ፎጣ ሽቦዬ ላይ ተሰጥቷል። ሦስተኛውን እየጨመቀች ነው።

ደግነቱ ገና አልሰካሁትም።

«አክስትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፎጣ እያሰጣሁ። እንኳን ዘረጋሽልኝ፤ ስንቴ ነው ገመድ እሰሪልኝ ያልኩሽ።»

«ይሄ ገመድ አይደለም። በርቶ ቢሆን ኖሮ አሁን አንቺን ነበር የምናሰጣው።»

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠች አንዲት ደንበኛ ከነቢጉዲኗ አንገቷን ብቅ አደረገች። «እኔ ሽቦ ነው ብያት ነበር።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ድረቂ» አለቻት አክስቴ።

ማስጠንቀቂያ ልለጥፍ አሰብኩ። ግን አክስቴን አውቃታለሁ፤ ይፋጃል የተባለ ካውያ በጣቷ ነክታ «እውነትም» የምትል ሴት ናት። ነገ ሥራ ሲበዛባት እጇ ሳያስፈቅዳት ያሰጣል። እኔ ደግሞ ሌላ አክስት የለኝም። ሽቦውን ከብረት ማራቅ አስቤ ከእሷ ማራቁን ረስቻለሁ።

ፈታሁት። ያ ውብ ሽቦ እየተጠቀለለ ወረደ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች ደንበኛዋ።

«እያሻሻልኩት ነው» አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

ትራንስፎርመሩን ወደ ላይ፣ መቀሱ ጥግ ወሰድኩት። ሽቦው ከክንድ አጠረ። መጋጠሚያዎቹን የጎማ ቆብ አለበስኳቸው፤ በላያቸው ወፍራም የፕላስቲክ ክዳን በብሎን አሰርኩ።

«እስኪ ተንጠራሪ።»

ተንጠራራች። አልደረሰችም። «ወንበር ላይ ልውጣ?»

«ብትወጪም ክዳን ነው የምታገኚው። ግን አትውጪ።»

ሰካሁት። መቀሱ ትንሽ አመነታና ቀይ ሆነ። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማ ቀረች፤ ደንበኛዋ ከካስኩ ወጥታ አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲህ ሰው በገባ ቁጥር አክስቴ ወደ ላይ ትጠቁማለች። «የእህቴ ልጅ ናት የሠራችው። ብትነኪው አትተርፊም» ትላለች፣ በኩራት።

«ተሸፍኗል እኮ፣ ማንም አይነካውም» ብላት፣

«አንቺ ምን አገባሽ» አለችኝ፣ «ደንበኞቼ ፈርተው ሲያዩት ነው ደስ የሚላቸው።»