የአምናው ቀርከሃ

ሉዲቪና ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር የተቀመጠውን የጭማቂ በርሜል ክዳን ስትነካ ጣቶቿ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ቀና አለች። ባሏ ኤልፒዲዮ ከየዛፉ አናት ጭማቂ ለመቅዳት፣ ከአንዱ የኮኮናት ዛፍ ወደ ሌላው በተዘረጋው የቀርከሃ ድልድይ እየተሻገረ ነው፤ የታችኛውን ቀርከሃ ይረግጣል፣ የላይኛውን በእጁ ይይዛል። እግሩን ባነሳ ቁጥር ዱቄቱ ይረግፋል።

ነቀዝ።

አምና በዚህ ወቅት ቀርከሃው ሁሉ ወርዶ በአዲስ ተተክቶ ነበር። ዘንድሮ ግን ኤልፒዲዮ «ከበዓሉ በኋላ»፣ «ዝናቡ ሲያባራ» እያለ ነገሩን ገፋው። «ቀበቶ አለኝ እኮ» ይላል ባነሳችበት ቁጥር። ቀበቶውን ያመጣችው ደግሞ ራሷ ናት። ወንድሟ ሩፊኖ ከእንዲህ ያለ ድልድይ ወድቆ ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ፣ የቀጂዎቹን ማኅበር ሊቀ መንበር መግቢያ መውጫ አሳጥታ ለመንደሩ ጭማቂ ቀጂዎች በሙሉ የደኅንነት ቀበቶ አስገዝታለች። ከእንግዲህ ልቤ ያርፋል ብላ ነበር።

ዐይኗ የቀበቶውን ገመድ ተከትሎ ወጣ። መንጠቆው የተያያዘው ከላይኛው ቀርከሃ ጋር ነው። ከእሱም ዱቄት ይረግፋል።

«ኤልፒዲዮ! እንዳትንቀሳቀስ!»

«ምነው፣ ምሳ ደረሰ እንዴ?»

«ቀርከሃው ነቅዟል! የላይኛውም ጭምር!»

«አንቺ ሴት፣ ቀበቶ ሳላስር ትጮሂያለሽ፣ ሳስርም ትጮሂያለሽ!»

«ቀርከሃው ቢሰበር ቀበቶው ይይዝሃል። ቀበቶውንስ ማን ይይዘዋል?»

ኤልፒዲዮ መንጠቆውን አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። የቀሩትን ጥቂት እርምጃዎች እንደ ሌባ እየተጠነቀቀ ተራመደና ከፊቱ ያለውን ዛፍ በሁለት እጁ አቀፈ። መወጣጫ የተፈለፈለበት ግን የመጀመሪያው ዛፍ ብቻ ነው፤ ወደዚያ የሚመልሰውም ያው የነቀዘ ድልድይ ነው።

«በመጣሁበት ልመለስ» አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

«አትመለስም! በዚሁ ግንድ ውረድ።»

«ክንፍ አውጥቼ?»

«ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አሳልፈህ መንጠቆውን ወገብህ ላይ ካለው ቀለበት አያይዘው። ወደ ኋላ ተደገፍና ገመዱን ዝቅ እያደረግክ ውረድ። የቀበቶውን አጠቃቀም ሲያሳዩ የት ነበርክ?»

«የዶሮ ውጊያ እያየሁ ነበር።»

«እኔ ግን እዚያ ነበርኩ። አሁን የምልህን አድርግ፣ በሞቴ!»

መንጠቆውን ከቀርከሃው ሲፈታ ዛፉን በአንድ ክንዱ ብቻ አቅፎ ቀረ። ሉዲቪና የበርሜሉን ጠርዝ ጨመደደች። ገመዱ ዞረ፤ መንጠቆው ቀለበቱ ላይ ሲገባ ጠቅ ሲል ሰማች። ኤልፒዲዮ ወረደ፣ አዳለጠው፣ ገመዱ ግንዱን ነክሶ ያዘው፤ እንደገና ወረደ። መሬት ሲረግጥ ቅልጥሙና ደረቱ ተልጦ ነበር። በቀጥታ ሊያያት አልደፈረም።

«ነገ ቀርከሃ እንቆርጣለን» አለ።

ልታቅፈው ነበር፤ እጇ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከወንዙ ማዶ፣ ከጎረቤታቸው ከበርናቤ ማሳ፣ የቀበቶ መንጠቆ የድልድይ ቀርከሃ ሲመታ ይሰማል፤ ኳ አለ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ኳ።

«በርናቤ ዘንድሮ ቀርከሃ ቀይሯል?»

ኤልፒዲዮ ወደ ማዶ ዞረ። «እሱም... ቀበቶ አለኝ ይላል።»

ቀሚሷን ሰብስባ ቁልቁል ወደ ወንዙ ሮጠች። «በርናቤ! በርናቤ፣ ዛፉን ያዝ!» እያለች ትጮኻለች። ኤልፒዲዮ እያነከሰ ተከተላት፤ ከነቀበቶው።