ሁለት ጣት የረዘመ መስታወት

መስታወቱን የሰበረው ሂርጳ ነው፣ በልጁ ያላከከውም ሂርጳ ነው፣ ሁሉም አይተዋል፣ ለማን ሊክድ ነው እንግዲህ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፣ ሞተሩን አላስነሳም፣ መስኮቱ ከትንፋሹ እየደበዘዘ ነው፣ አውራ ጣቱ ላይ ያለችው ደም ደርቃለች፣ እሷስ ምን ደም ትባላለች፣ ጭረት፣ ይህ ዓይነቱ መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር ይበተናል እንጂ እንደ ቢላ አይቆርጥም፣ ልጁ ዱረቲ ነግራዋለች። ነግራዋለች እኮ።

በፓርኪንጉ በኩል የቡርሃን ሱቅ ወለል ብሎ ይታያል፣ ባሕር ማዶ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ፣ ቅዳሜ፣ ገና ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ልጁ መጥረጊያ ይዛ ታጎነብሳለች፣ ቀና ትላለች፣ ታጎነብሳለች። ወደዚህ አታይም።

ቡርሃን ምን አጠፋ፣ የሳምቡሳ ሣጥኑ ክዳን ተሰነጠቀበት፣ ሮቢንስዴል ከተማ ሱቁን ከዘጋ ሰው ሌላ መስታወት አገኘ፣ ሁለት ጣት ረዘመበት፣ ጋሼ፣ አንተ በወጣትነትህ መስታወት ቤት ሠርተሃል አይደል፣ ወላሂ አንተ እጅህን ካሳረፍክበት ይበቃኛል አለው፣ እና ሂርጳ፣ ስለ ወጣትነቱ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይረው ሂርጳ፣ ደረቱ ሞላ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ እጅህ ይባረክ ያለው የለም፣ ዛሬ ጠዋት ሃርድዌር መደብር ሄዶ አዲስ መቁረጫ ገዛ፣ አዳማ እያለ አልማዝ ነበር የሚሉት፣ ትንሽ ላምባም ፈልጎ አገኘ፣ አልማዙን ላምባ ካላስነኩት መስመሩ አይሄድም፣ ልጄም ትየኝ ብሎ ዱረቲን አስከተላት። ትየኝ ብሎ። አየችው።

ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉ፣ መስታወቱን አጋደሙት፣ ቡርሃን በዚያ፣ ሙሊሳ በዚህ፣ ሙሊሳ ታክሲውን ውጭ አቁሞ ሳምቡሳ ሊበላ የመጣ ነው፣ ሳምቡሳውን ትቶ ትርኢቱን ይዟል፣ ዱረቲ እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከታ ጎንበስ አለች፣ ጥጉ ላይ ያለችውን ፈዛዛ ማኅተም አነበበች፣ ዳድ፣ ዌይት፣ ቆይ፣ ኢትስ ቴምፐርድ።

ቴምፐር። እቤት ይህች ቃል አንድ ትርጉም ነው ያላት፣ ቁጣ፣ ሚስቱ ሜቲ በሩን ሲያላጋው ቴምፐርህን ያዝ ትለዋለች፣ በዚህ ቴምፐርህ ልጆቼን አሳቀቅህብኝ ትለዋለች፣ ሂርጳ የሰማው ያንን ነው፣ ልጁ በሰው ፊት ጉዱን ስታወጣ፣ ቴምፐሬን ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩት አላት፣ ሙሊሳ ሳቀ፣ አልማዙ ወረደ።

ድምፁ ልክ አልነበረም። ደህናው መስታወት ሲጫር ሐር እንደሚቀደድ ነው፣ ይሄ ሲጢጥ አለ፣ ጆሮው አወቀ፣ እጁ አወቀ፣ ያኔ ትዝ አለው፣ አዎ ትዝ አለው፣ አልገባኝም ነበር ብሎ ለራሱ እንኳ ሊዋሽ አይችልም፣ ባለፈው ዓመት ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ሲመለሱ እሱ ድራይቭ እያደረገ እሷ የጎኑን መስኮት በጥፍሯ እያንኳኳች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ይህንኑ የመስታወት ነገር ነው፣ ዳድ፣ ጨው ውስጥ አቶሞቹ ላይን ይዘው ነው የቆሙት፣ መስታወት ውስጥ ግን ሰልፍ የለም፣ ቀልጠው ሲንቀሳቀሱ ድንገት ቀዝቅዘው ባሉበት ቀሩ፣ እሱ የአዳማ ገበያን አሰበ፣ አፈሳ መጣ ሲባል፣ አንዱ እግሩን እንዳነሳ፣ አንዷ ሚዛን እንደያዘች፣ ድርቅ። አልነገራትም። ብረት ስትመታው አቶሞቹ ይንሸራተታሉ፣ ለዚህ ነው የሚጎብጠው፣ የመስታወት አቶሞች መንሸራተት አይችሉም፣ እጅ ለእጅ ተቆላልፈዋል፣ ወይ ይይዛሉ ወይ ይበጠሳሉ፣ መሃል ቤት የለም። ይሄ የመኪናው ደግሞ ይብሳል፣ እሳት ውስጥ ሊለሰልስ ሲል አውጥተው ንፋስ ይለቁበታል፣ ቆዳው ቀድሞ ይደርቃል፣ ሆዱ ኋላ ሲቀዘቅዝ ልኮማተር ይላል፣ ቆዳው አይሰጠውም፣ ዕድሜ ልክ ሆዱ እየጎተተ፣ ቆዳው እየተጨመቀ፣ ጥንካሬው ከዚያ ነው ዳድ፣ በድንጋይ ብትመታው ሊቋቋም ይችላል፣ ጭረቱ ቆዳውን ካለፈ ግን ያ ሁሉ ጉተታ በአንዴ ይለቃል፣ ቴምፐርድ ይባላል። ጎበዝ ብሏት ሬዲዮ ከፈተ።

እና እጁ መስታወቱ ላይ ሆኖ ይህ ሁሉ ትዝ ብሎት፣ ጊዜ ነበረው፣ መተው ይችል ነበር፣ ልጄ ልክ ናት ተዉት ማለት አራት ቃል ናት፣ ግን ሙሊሳ እያየ፣ ቡርሃን እያየ፣ ጫፉን ያዘና ተጫነው።

ጧ።

መስታወት የለም። ብርድ ልብሱ ላይ ነጭ ክምር፣ መሬቱ ላይ ክምር፣ ቡርሃን ቢስሚላህ፣ ከዚያ ሙሊሳ፣ ኧረ ሂርጳ፣ ቁረጠው ተባልክ እንጂ ስኳር አድርገው መች ተባልክ፣ ቡርሃን ሳቁን ዋጥ አደረገ፣ አብሽር ጋሼ፣ የዕቃ ነገር ነው፣ እና ከሂርጳ አፍ ወጣ፣ አንቺ ነሽ፣ ጫፉን ተደገፍሽው፣ አትጠጊ አላልኩሽም።

እጇ ኪሷ ውስጥ ነበር። ሁለቱም እጇ። ሁሉም እጇን አዩ። ሙሊሳ መሬት መሬቱን አየ።

እሷስ ምን አለች፣ ሶሪ ዳድ።

ይህቺ ሶሪ ናት የምትገድለው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር፣ ውሸታም ብትለው ይሻለው ነበር፣ ይህቺን ድምፅ ያውቃታል፣ የራሱ ናት። አለልኝ፣ አዳማ፣ መስታወት ቤቱ የአለልኝ ነበር፣ የሙሽራዋን የቁም መስታወት በክርኑ የነካው ራሱ አለልኝ ነው፣ ባለ ዕቃው በር ላይ ቆሟል፣ ይሄ ደንባራ ነው የሰበረው አለ፣ ጥፊ፣ ሂርጳ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ መኝታው መስታወት ታሽጎ የሚመጣበት ገለባ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከጀርባው ስንጣሪ ይለቅማል፣ ቢባረር ወዴት ይገባል፣ ውጭ አፈሳ ነው፣ ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ስቶ ነው አለ። እጁ እኮ የላምባውን ጣሳ ይዞ ነበር፣ ሁለቱም እጁ። ይህንን ለማንም ነግሮ አያውቅም፣ ለሜቲም። ሰላሳ ስንት ዓመት አለልኝን ሲረግም ኖሯል፣ ዛሬ በአለልኝ አፍ ተናገረ።

ዱረቲ ግን ገለባ ላይ አልተኛችም። ማን አስተማራት ይቅርታውን። ማን ያስተምራታል ሌላ።

ሙሊሳ ከሱቁ ወጣ፣ ሂርጳ መኪናው ውስጥ ስልኩን አውጥቶ የሚያነብ መሰለ፣ ታክሲው ሄደ። ውረድና አሁን ግባ አለ ለራሱ፣ ቡርሃን ገና እዚያው ነው፣ አንድ ሰው እንኳ ይስማህ፣ አንድ ደቂቃ፣ ትንሽ ልረጋጋ፣ ውሸትህን ነው፣ እስኪሄዱልህ ነው የምትጠብቀው፣ ቡርሃን ጃኬቱን ደርቦ ወጣ፣ ዙህር ደርሷል፣ ወደ መስጊድ፣ ሱቁን ለእሷ ትቶላት፣ በመኪናው አጠገብ ሲያልፍ እጁን አነሳለት፣ ሂርጳም አነሳ። በአደባባይ ሰድቦ በጓዳ ይቅርታ የሚሉት ይህ ነው። አሁን መግባት ይቀላል፣ ቅለቱ ራሱ ያሳፍራል።

ገባ። ጠጠሩ ከጫማው ሥር ይንኮሻኮሻል። ዳድ፣ ቀስ በል፣ ያዳልጣል። አቧራ ማፈሻውን ተቀበላት፣ ተንበረከከ፣ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ነበር አላት፣ አይ ኖው፣ አውቃለሁ አለች፣ መጥረጊያዋን አላቆመችም፣ አልነካሽውም፣ ሰምቼሻለሁ፣ ሰምቼሽ ነው የተጫንኩት፣ አሁን ቆመች። ኦኬ ዳድ፣ በቃ እንሂድ።

አንሄድም፣ ቡርሃን ሰግዶ እስኪመለስ እንጠብቃለን አላት፣ ለምን አለች፣ እሱ ፊት የምናገረው አለ፣ ለሙሊሳም እደውልለታለሁ።

አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሌላውን በእግሯ ገፋችለት። ባዶው የሳምቡሳ ሣጥን ክዳን የለውም። ሱቁ ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ሂርጳና ዱረቲ።