ባዶውን የተመለሰው ጣሳ

ማክሰኞ ጠዋት በፋናዬ ቤት ስኳሩ ጎመዘዘ። ከሰዓት በኋላ ማሩ ተከተለ። ረቡዕ ሲነጋ የፋናዬ የጡት ወተት እንደ ሎሚ ሆነና ክርስትናው የቀረበው ልጇ አንዴ ስቦ ፊቱን አዞረ።

ምክንያቱን ታናሽ እህቷ ስመኝ ታውቀዋለች። ስመኝ ከሸንኮራ እርሻው ዳር ባለው መጋዘን ትሠራለች። እዚያ ከስኳር የሚተርፈውን ሞላሰስ እየበላ የሎሚ አሲድ የሚያወጣ ሻጋታ በበርሜል ይረባል። ጣፋጭ ይሰጡታል፣ ኮምጣጣ ይመልሳል። እሷ በርሜሉን ታማስላለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ሥራውን የወደደችው ብዙ የሚያናግራት ሰው ስለሌለ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ፋናዬን የሚያርሱት አክስታቸው ወይዘሮ ብርቄ መጥተው መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ። የክርስትናውን ዳቦ ሊያቦኩ ሲሉ እርሾው ሞቶባቸዋል።

«ከዚያ ከሚፈላው ትንሽ ጨልፊልኝ።»

«እሱ እኮ ለዳቦ አይሆንም፣ እትዬ።»

«የሚፈላ ሁሉ እርሾ ነው። ደግሞ እርሾ መከልከልን ከማን ተማርሽው? ከእናትሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

እሳትና እርሾ ለጠየቀ ሰው አይከለከልም። ስመኝ አቀርቅራ በመጋዘኑ ባለ ክዳን ጣሳ ጨለፈችላቸው።

ሰኞ ጣሳው ተመለሰ። ባዶውን ነበር። የሰው ዕቃ ሲመለስ ቆሎም ቢሆን ጣል ይደረግበታል፤ ወይዘሮ ብርቄ ግን በድግሱ ጥድፊያ ረስተውታል። ስመኝ አይታ ዝም አለች፤ አክስቷን ማሳፈር አልሆነላትም። ሻጋታው በዚያን ቀን አልፈላም። ጸጥ ብሎ ዋለ።

አሁን የልጁ ለቅሶ እየቀጠነ ነው። ፋናዬ ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ታዞረዋለች፤ ልጁ ከንፈሩን ይገጥማል።

«ምች ነው» አሉ ወይዘሮ ብርቄ።

«ጣሳው ነው» አለች ስመኝ።

«ምን አልሽ? ከፍ አድርጊው እስቲ፣ ለጉንዳን ነው የምታወሪው?»

«ጣሳው። ባዶውን ነው የመጣው።»

ወይዘሮ ብርቄ አፋቸውን ያዙ። «ውይ ውርደቴ!»

ስመኝ ከወተቱ በሲኒ ይዛ ወደ መጋዘኑ ሮጠች። ኃላፊው ጋሽ ድንበሩ አንድ ሰማያዊ ወረቀት ነከሩበት። ወረቀቱ ኮምጣጣ ሲነካው ይቀላል። ቀላ።

«ለሻጋታው ሞላሰስ ብንጨምርለትስ፣ ጋሼ?»

«እሱ አልራበውም። ተንቆ ነው። የተበደረው ቤት ጣሳውን ጣፋጭ አድርጎበት ይመልስ።»

«ከሱቅ ብገዛስ?»

«ደጃፋችሁን ሲያልፍ ይጎመዝዛል። እቤት ውስጥ ያልተበላሸ ነገር ፈልጊ። ቶሎ በይ፣ ሕፃን አይጠብቅም።» ጣሳውንና አንድ እፍኝ ወረቀት ሰጧት።

ስመኝ ቤቱን በወረቀት ፈተሸች። የማሩን ማሰሮ፣ ሙዙን፣ አጥሚቱን፣ እንግዳ ያመጣውን ከረሜላ። ሁሉም ቀላ። ልጁ ማልቀሱን ትቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ጀመር። ከእህቷ ተቀብላ አቀፈችውና እሹሩሩ አለችለት። ሁልጊዜ ቀስ ብላ ስለምትል ከልጁ በቀር ማንም ሰምቷት አያውቅም።

በጣቶቿ መሃል የቀረው ወረቀት ሰማያዊ ነበር። እሹሩሩ እያለች ወደ አፏ አስጠጋችው። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

ልጁን መለሰችና ጣሳውን አነሳች። አፏን ጣሳው አፍ ላይ ገጥማ እሹሩሩን እስከ መጨረሻው አለችበት፣ ክዳኑንም ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። መንገድ ላይ እንዳይፈስ በሁለት እጇ ያዘችው።

ጋሽ ድንበሩ ምን እንደሆነ አልጠየቁም። ጣሳውን በርሜሉ ላይ ዘቀዘቀችው። የወረደ ነገር አልታየም። አረፋው ከፍ አለ፣ ከዚያ ረጋ።

«ተቀብሏል» አሉ።

ስመኝ እግዜር ይስጥልኝ ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አልወጣም።

እቤት ስትደርስ ልጁ እየተንገበገበ ይጠባል። ፋናዬ ታለቅሳለች፣ ወይዘሮ ብርቄ እልል ይላሉ። ስመኝ ዝም ማለቷን ማንም ልብ አላለም፤ ድሮም ዝምተኛ ናት።

ክርስትናው በሰላም አለፈ። በማግስቱ ጠዋት መጋዘን የቀረው ጣሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ተገኘ። ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ባዶውን አልነበረም።

ወይዘሮ ብርቄ ክዳኑን ከፈቱ። ውስጡ እንደ ከፋይ ጨርቅ የለሰለሰ ትንሽ ጥቁር ነገር ተኝቷል። ብርሃን ሲነካው ፊቱን አዞረ። ከዚያ አፉን ከፍቶ ጡት ይፈልግ ጀመር።

«ሻጋታው ደግ ነው፣ ባዶውን አልመለሰም፣ ወግ ያውቃል» አሉ ወይዘሮ ብርቄ። «ፋናዬ፣ እስቲ ነይ አጥቢው።»

ፋናዬ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ቀረበች። ስመኝ እንዳትነኪው ልትላት አፏን ከፈተች። ድምጿ ከመጋዘኑ በኩል መጣ፤ ቀስ ያለ እሹሩሩ ነበር። በጣሳው ውስጥ ያለው ነገር ጸጥ ብሎ አዳመጠ።