ከአሥር ሰዓት በፊት የማይነሳው ሞተር

ትሬንት መቀመጥ አቅቶት ዋለ። ከጋራዡ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱ ተመልሶ ወደ ሞተር ሳይክሉ። ካቻቢቴውን ያነሳና ያስቀምጠዋል፤ ያስቀምጥና መልሶ ያነሳዋል። ሞተሩ የበረሃ ሞተር ነው፤ አሮጌ፣ ጥርሳም ጎማ ያለው፣ ጭቃ መከላከያው ሁለት ቦታ በሽቦ የተሰፋ። ካርቡራተሩን ጠዋት አውርዶ አጥቦታል፣ ነፍቶታል፣ መልሶ ገጥሞታል። አሁን የቀረው አየር ማጣሪያው ሲደርቅ መግጠም፣ ከዚያም አስነስቶ፣ ድምፁን እየሰሙ ብሎኖቹን ማስተካከል ብቻ ነው። ችግሩ፣ ማስነሳት አይችልም።

ወይዘሮ ላቨርን ተኝተዋላ። ጎረቤቱ ናቸው፤ ሌሊት ሌሊት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲያስታምሙ አድረው ጠዋት ይገባሉ። አምና በጋ ትሬንት እኩለ ቀን ላይ ሞተሩን ሲያስጮኸው በነጠላ ጫማ ወጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። አልተቆጡም። ዓይናቸው ደም ለብሶ ዝም ብለው አዩት። ትሬንት ያን ቀን ባንደበቱ ቃል ገባ፤ ከአሥር ሰዓት በፊት ሞተር አይነሳም።

ሩበን ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፒካፑን ይዞ ይመጣል። ነገ ከከተማው ባሻገር ባለው ደረቅ ሐይቅ ላይ የሁለት ሁለት ሰው ውድድር አለ፤ አንዱ አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ ሌላው ይቀበለዋል። ባለፈው ጸደይ የትሬንት ሞተር መነሻው መስመር ላይ ታፍኖ ቀረና፣ ሌላው ሁሉ አቧራ አልብሷቸው ሲሄድ ሁለቱ የራስ ቁር እንዳጠለቁ ቆመው ቀሩ። ስለዚህ ሩበን ዘንድሮ ነገሩን አሳጥሮታል፤ «ስመጣ ደጅ ላይ እየሠራ ካገኘሁት እንጭነዋለን። ካልሆነ የአክስቴን ልጅ ዌስን ከነሞተሩ ይዤ እሄዳለሁ።»

የታጠበው አየር ማጣሪያ አጥሩ ላይ እስኪደርቅ ነፋሱ ከመንገዱ ማዶ ካለ የሽንኩርት ማሳ አፈር እየዛቀ ሲያመጣ፣ ትሬንት የአሮጌ ቀይ ሸሚዙን እጅጌ ቀደደና አቧራ እንዳይገባ የአየር ማስገቢያውን አፍ ወተፈው። ማጣሪያው ደርቆ ሊገጥመው ሲል ስልኩ ጮኸ።

«በሽተኛው እንዴት ዋለ?» አለ ሩበን።

«ድኗል።» ትሬንት ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ ማጣሪያውን ቦታው ላይ አስቀመጠ።

«ድምፁን አሰማኛ።»

«ወይዘሮ ላቨርን ተኝተዋል።»

«ታዲያ መዳኑን በምን አወቅክ? ግንባሩን ዳስሰህ?»

«አጥቤዋለሁ እኮ።»

«አስከሬንም ይታጠባል። ባክህ አንዴ ርገጠው፤ ሕልም መስሏቸው ተገላብጠው ይተኛሉ።»

«ቃል ገብቻለሁ።» ክዳኑን ገጥሞ ብሎኑን አጠበቀ።

«ጥሩ። ዌስ ጫማውን እየወለወለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ አልሄድ አለ። ትሬንት የነገውን በረሃ ዓይኑ ላይ አመጣው፤ ነጩ መሬት፣ ባንዲራዎቹ፣ ሩበን በአቧራ ተለውሶ እየመጣ እጁን ሲዘረጋለት። ሕልሙ እዚያ ደርሶ ሞተሩ ይታፈንበትና ብድግ ብሎ እንደገና ይንጎራደዳል። አንዴ ከወይዘሮ ላቨርን መስኮት መጋረጃው የተነቃነቀ መሰለው። ነፋስ ነው አለ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሞተሩን ገፍቶ ደጅ አወጣና ማስነሻውን ረገጠው። ሞተሩ ያዘ፣ አጓራ፣ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ። ደገመው። ያው ነው። የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ የሚመጥነውን ብሎን ትንሽ ላላ አደረገ፤ ባሰበት። አጠበቀ፤ ጭራሽ እምቢ አለ። ካንዴላውን ፈትቶ ሲያየው ቤንዚን ጠጥቷል። በሸሚዙ ጠርጎ መለሰው። ብሎኑን ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ እንደገና ወደ ውስጥ፤ የት እንደነበረ እንኳ ጠፋበት። ጠዋት በእጁ የነካውን ሁሉ ተጠራጠረ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ከመንገዱ ማዶ መኪና ባለፈ ቁጥር ሩበን ይመስለዋል።

ወይዘሮ ላቨርን ሰማያዊ የሌሊት ካባቸውን እንደለበሱ፣ በአንድ እጃቸው ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው በረዶ የተጨመረበት ሻይ ይዘው መጡና ነፋሱን ከጀርባቸው አድርገው ተቀመጡ።

«ምነው፣ አኮረፈ?»

«ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩዎት።»

«ማን ተኝቶ? ከጠዋት ጀምሮ አሁን አስነሳው፣ አሁን አስነሳው ስል ጣራ ሳይ ዋልኩ። ጠዋቱኑ አስነስተኸው ቢሆን ሰድቤህ እተኛ ነበር።»

ትሬንት ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀና አለ። «ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ቃልህን ስትጠብቅ አየሁና ማበላሸት አልፈለግኩም። ደግሞ እንቅልፍ ላጣ ሰው አንተ ስትንጎራደድ ጥሩ ትርኢት ነህ።» ከሻዩ ጎንጨት አሉ። «እኔ ሞተር አላውቅም። ግን ያ ቀይ እጅጌ የት ደረሰ?»

«የቱ?»

«ያጎረስከው። ስታጎርሰው በመስኮት አይቻለሁ፤ ስታወጣው ግን አላየሁም።»

ትሬንት ወደ ሞተሩ ዞረ። ክዳኑን ፈታ፣ ማጣሪያውን አነሳ። ቀዩ ጨርቅ እዚያው ተወትፎ ተቀምጧል። ሲጎትተው በቤንዚን ርሶ እንደ ምላስ ተንዘላዝሎ ወጣ። ወይዘሮ ላቨርን በትሕትና ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱለት።

ማጣሪያውን መለሰ። ብሎኑን ቀስ አድርጎ እስከ መጨረሻው አጠበቀና አንድ ተኩል ዙር አላላው። ማስነሻውን ረገጠ። በሁለተኛው ሞተሩ ያዘ፤ ሳል ቢጤ አሳለና ቆመ ሲባል ቀጠለ። እስኪሞቅ ጠበቀው። ከዚያ ተንበርክኮ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት አዞረው። ድምፁ ከፍ አለ፣ ጠራ፤ ጥቂት ሲያልፈው ሻከረ፤ መለሰው። ነዳጅ ሳይሰጡት የሚሠራበትን ፍጥነት፣ ሚኒሞውን፣ ዝቅ አደረገ። ሞተሩ በሰፊው እየተነፈሰ ዱክ ዱክ ማለት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ ያልረጋው የትሬንት እግር ረጋ።

«ሰሙት?» ብሎ ዞረ።

ወይዘሮ ላቨርን አንገታቸው ዘንበል ብሎ፣ አፋቸው ገርበብ ብሎ ተኝተዋል። ብርጭቆው ጭናቸው ላይ ሊደፋ ነው። ትሬንት በጣቱ ጫፍ አንስቶ መሬት አስቀመጠው።

የሩበን ፒካፕ ብቅ ሲል ጥሩምባ እንዳይነፋ ሁለት እጁን እያውለበለበ ሮጠ።

«ምን ሆነሃል?» አለ ሩበን። «ይሠራል አይደል? አጥፋውና እንጫን።»

«ካጠፋሁት ይነቃሉ።»

ሩበን አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ ወንበሩን አየ። «በዚህ ሁሉ ጩኸት ነው የተኙት?»

«በጩኸቱ ነው የተኙት።»

«እየሠራ እንጫነው ነው የምትለኝ?»

«ቀስ ብለህ ግፋ።»

ሩበን እየተሳደበ፣ ስድቡንም እያንሾካሾከ፣ ጣውላውን ዘረጋ። ሞተሩን እየሠራ ገፍተው ፒካፑ ላይ አወጡትና በጠፍር አሰሩት። ትሬንት ከኋላ፣ ጭነቱ ላይ ሆኖ የሞተሩን መሪ ያዘ።

«ቀስ እያልክ ንዳ» አለ። «ድምፁ በአንዴ እንዳይቆረጥባቸው።»

ፒካፑ እየተሳበ ሄደ። ትሬንት ወንበሩ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ካባ እያየ፣ ድምፁ ለእሳቸው እየሳሳ ሲሄድ በልቡ አብሮ አዳመጠ። ካባዋ አልተነቃነቀችም። መታጠፊያውን ካለፉ በኋላ አጠፋው።

ወዲያው ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣ። ነገ መነሻው መስመር ላይ ደግሞ መልሶ ማስነሳት አለ።