ለዕረፍት የመጣች እርሾ

"አንተ ሰው! ና እስቲ ወዲህ። ይሄ ከቀሚሴ ላይ የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?"

ጋሽ ትኩሱ በረንዳው ላይ ከተጋደመበት ወንበር ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሚስቱ የቁም ሳጥኑን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ለባሕር ዳርቻው ብላ የገዛችውን ሰማያዊ ቀሚስ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ቆማለች። ከቀሚሱ ጫፍ ነጭ ነገር እየተዝለገለገ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ክፍሉን ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሞልቶታል።

"ሊጥ ነው" አለ።

"ሊጥ መሆኑንማ አየሁት። ዕድሜዬን የጋጋሪ ሚስት ሆኜ ሊጥ ይጠፋኛል? እዚህ ምን ይሠራል ነው የምልህ!"

መልሱን አልጠበቀችም። እጇን ከሻንጣዎቹ ኋላ ሰደደችና ሰፊ አፍ ያለው የመስታወት ብልቃጥ ጎትታ አወጣች። አፉ ላይ የታሰረው ጨርቅ ተገፍቶ ተንጋዷል። እርሾዋ የደሴቱ ሙቀት ተስማምቷት ኩፍ ብላ፣ ብልቃጡ ጠቧት፣ በቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደ ልቧ ተንሸራሽራለች። ሚስትየው ብልቃጡን ገና ስታየው አወቀችው። የዳቦ ቤቱ ዳቦ ሁሉ የሚነሳው በዚህች እርሾ ነው። የጀመረቻት የባሏ እናት ነበረች።

"እናትህን ይዘህብኝ መጣህ?"

ጋሽ ትኩሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ለልጁስ ምን ተውክለት?"

"ትንሽ... ትንሽ አስቀርቼለታለሁ።"

"ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።"

ዓይኗን ማየት አልቻለም። ወለሉን አየ፣ ሊጡን አየ፣ የገዛ ጫማውን አየ። በዚህ ሁሉ አሸዋ መሃል እስካሁን ጫማውን አላወለቀም።

"ምንም አልተውኩለትም" አለ በመጨረሻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ለጊዜው ምድጃ አጠገብ እንዳትደርስ ብሎት ነበር። ልጆቹ ተማክረው ከሰው ጫጫታ የራቀች፣ ዘንባባና አሸዋ ብቻ የሞላባት ትንሽ ደሴት ላይ ክፍል ያዙላቸው። ዳቦ ቤቱን ትልቁ ልጅ ተረከበ። በሰፈሩ ሰው ዘንድ ጋሽ ትኩሱ የሚለውን ስም ያገኘው በየማለዳው "ትኩስ ነው፣ ትኩስ!" እያለ በመጣራት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሥራውን ለሌላ ትቶ መሄድ ማለት እጁን ቤት ረስቶ እንደ መውጣት ሆነበት። በመነሻው ዕለት ማንም ሳያየው ብልቃጧን ከመደርደሪያው አንስቶ በፎጣ ጠቀለላት። ልጁ እንዳያበላሻት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ያለ እሱ ዳቦው እንቢ እንዲል፣ ልጁ ጨንቆት "አባዬ፣ ድረስልኝ" እንዲለው ፈልጎ ነው።

በየቀኑ ስልክ ወደሚሠራበት ቦታ እየሄደ ጠበቀ፤ ስልኩ ግን ጭጭ አለ። እሱም ጎህ ሳይቀድ እየተነሳ፣ ሚስቱ ሳትነቃ፣ ደብቆ ባመጣው ዱቄት እርሾዋን ሲመግብ ሰነበተ።

"ልጅህ እንዲወድቅ ፈለግህ" አለችው ሚስቱ። ድምፅዋ ዝቅ ማለቱ ከጩኸቷ የበለጠ አስፈራው።

"እንዲወድቅ አይደለም። እንዲፈልገኝ ነው።"

"እኔስ? እኔ አልፈልግህም?" ቀሚሱን አልጋው ላይ ወረወረችው። "የጀልባዋ ካፒቴን ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ባለቤትዎ ነገ ሊሄዱብን ነው አይደል፣ ቦታ ያዝልኝ ብለውኛል' አለኝ። ከጀልባ ነጂ አፍ ልስማው?"

ጋሽ ትኩሱ ላብ አጠመቀው። ልጁ ካልጠራው ራሱ ሊሄድ ቦታ ሲይዝ፣ ለማንም እንዳይናገር ካፒቴኑን አደራ ብሎት ነበር፤ ለካ ሰውየው ሆዱ ምንም አይቋጥርም።

"ዛሬውኑ ለልጁ ደውልና እውነቱን ንገረው" አለች። "ከዚያ ጀልባዋም አለችልህ፣ ሂድ። አላስርህም። እኔ ግን አልከተልህም። ከአንተ ጋር ቁጭ የምልበትን ቀን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።"

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ስልክ የሚሠራው ከእንጨቱ መሻገሪያ ጫፍ፣ ጀልባዋ ከምትቆምበት ቦታ ብቻ ነው። ጋሽ ትኩሱ ወደዚያ እየሄደ በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ በዓይኑ ገላመጠ። አንዱ እንግዳ በሁለት ዘንባባ መካከል በተዘረጋ የገመድ አልጋ ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ሌላው በጠራራ ፀሐይ እንደ ተሰጣ እህል ተዘርግቷል። "ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?" አለ በልቡ። "መቼ ነው የሚነሱት?" ባሕሩ ራሱ አበሳጨው። ይመጣል፣ ይመለሳል፣ አንድም የጨረሰው ሥራ የለም።

መሻገሪያው ላይ ካፒቴኑ ባዶ የለስላሳ ሳጥኖችን እየጫነ ነበር።

"አባባ፣ ቦታዎ እንደ ተያዘ ነው። ልንነሳ ስለሆነ ቶሎ ይበሉ!"

ጋሽ ትኩሱ በእጁ ቆይ አለውና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

"አባዬ! ደህና ናችሁ? እማዬ ዋኘች?" ልጁ ፂም ያወጣ፣ የልጅ አባት የሆነ ሰው ነው፤ ለአባቱ ግን አሁንም ማሙሽ ነው።

"ደህና ነን። ዳቦው እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"እንዴት ደህና?"

"በቃ፣ ደህና ነዋ አባዬ።"

ከልጁ ድምፅ ኋላ የትሪ ኳኳታና የምድጃው በር ሲዘጋ ተሰማ።

"ማሙሽ፣ እርሾዋን... እኔ ነኝ የወሰድኳት።"

"አውቃለሁ።"

"ምን አልክ?"

"የሄዳችሁ ዕለት መደርደሪያው ባዶ ነበር። እግር አውጥታ አትሄድ መቼም።"

"ታዲያ ለምን አልደወልክልኝም?"

ልጁ ከጫጫታው ፈንጠር አለ።

"ብደውልልህ ትመጣለሃ። እማዬ ደግሞ ስንት ለምናህ ነው የወጣኸው። ከሱቅ በተገዛ ደረቅ እርሾ እየጋገርኩ ነው። ዳቦው መነሳቱን ይነሳል፣ ጣዕሙ ግን ያው የሌላ ሰው ዳቦ ነው። ደንበኞቹ 'ጋሽ ትኩሱ መቼ ነው የሚመጣው?' እያሉ አፍንጫቸውን ይነፉብኛል። ይንፉ። እስክትመለሱ እችለዋለሁ።"

ጋሽ ትኩሱ ይህችን 'መቼ ነው የሚመጣው?' የምትል ቃል ለመስማት ነበር እርሾ ደብቆ ባሕር የተሻገረው። አሁን ሲሰማት ደስ አላለውም፤ አፈረ። ልጁ ገመናውን ይዞለት፣ የሰው አፍ ችሎ፣ አባቱን እያሳረፈ ነበር።

"እመጣለሁ" አለ። "ጀልባዋ እዚሁ ናት።"

"እንዳትመጣ! አባዬ፣ የጠፋችብኝ እርሾዋ ናት እንጂ አንተ አይደለህም።"

ካፒቴኑ ጡሩምባውን ነፋ። ጋሽ ትኩሱ ጀልባዋን አየ፣ ከዚያ በሩቁ ዳርቻው ላይ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ።

"ዛሬ ወደብ ድረስ መምጣት ትችላለህ?"

"አንተን ለመቀበል ከሆነ አልመጣም።"

"ብቻ ና" አለና ስልኩን ዘጋ።

ወደ ክፍሉ ሲሮጥ ሐኪሙ ቢያየው ኖሮ ይጮህበት ነበር። ብልቃጧን አቅፎ እያለከለከ ተመልሶ ጀልባዋ ዘንድ ሲደርስ ካፒቴኑ ገመዱን መፍታት ጀምሯል። ጋሽ ትኩሱ ተንበርክኮ ብልቃጧን በተያዘው ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ የመንሳፈፊያውን ሰደርያ አለበሳት፣ ቀበቶውን በዙሪያዋ አጠበቀ።

"ልጄ ወደቡ ላይ ይጠብቅሃል፤ በእጁ አስረክበው" አለ። "ጨርቁን እንዳታጠብቀው፣ ትንፋሽ ትፈልጋለች። ፀሐይ እንዳያገኛት ደግሞ። ደግሞ ሆድህ ነገር ስለማይቋጥር፣ ይሄን የነገርኩህን ሁሉ ለልጄ ንገረው።"

ካፒቴኑ ብልቃጧን አየ፣ ሰውየውን አየ።

"እርስዎስ አባባ? አይገቡም?"

"እኔማ ዕረፍት ላይ ነኝ" አለ ጋሽ ትኩሱ። ቃሉ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት።

ጀልባዋ ስትርቅ ልቡ አብሯት ሄደ። መደበቅ አያስፈልግም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ነጠብጣብ እስክትሆን አይቶ፣ ጫማውን አውልቆ በእጁ አንጠልጥሎ በሚፋጀው አሸዋ ላይ እየዘለለ ወደ ሚስቱ ሄደ። እሷ የጡሩምባውን ድምፅ ሰምታ፣ ሄደ ብላ ነበር። ዞር አላለችም። በፎጣዋ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች።

"ጠጋ በይልኝ እስቲ" አለ።

ክው ብላ ቀና አለች። ባዶ እግሩን አየች፣ ባዶ እጁን አየች። ምንም ሳትጠይቀው ፎጣዋን ለሁለት የሚበቃ አድርጋ ዘረጋችለት። ተቀመጠ። እግሩ ግን አመሉ አልለቀው ብሎ አሸዋውን ይጭር ጀመር፤ እሷም መዳፏን ጉልበቱ ላይ ጫነችበት።

"ነገ ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ ማንን ልትመግብ ነው?" አለችው።

ጋሽ ትኩሱ ፎጣው ላይ ጋደም አለ።

"እንቅልፍ ከወሰደኝ አትቀስቅሺኝ" አለ።